ከሦስተኛው ማድረቂያ ጀርባ

ሰኞ፣ ወሩ በገባ በ3

ይህን ደብተር ልጄ የገዛችልኝ የደም ግፊቴን ቁጥር እንድጽፍበት ነው። አንድም ቀን አልጻፍኩም። ግፊቴን እኔው አውቀዋለሁ፤ ሲነሳ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ቁጥር ምን ያደርግለታል። ዛሬ ግን ነገር መጣና ከሻንጣዬ ሥር አወጣሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስም፣ አድራሻ ይላል። እሱም ጠያቂ ሆነ! ስሜን ጻፍኩ። ሌላውን በኋላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆስፒታሉን ላውንደሪ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ ያጠብኩበትን ማለቴ ነው፣ አዲስ ድርጅት ተረከበው። ጠዋት ሁላችንንም አሰለፉን። አንዲት ልጅ ፎርም ታቅፋ መጣች። «ማንም እንዳይሰጋ» ብላ ጀመረች። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ደግ ነገር አውርቶ አያውቅም። የሁሉም ሠራተኛ ማንነት ይጣራል አለች። መታወቂያ፣ አሻራ፣ ያለፉትን አሥር ዓመታት የት የት እንደኖርን፣ መኖራችንን የሚመሰክር ሰው ከነስልኩ። እስከ ወሩ መጨረሻ ያላሟላ ይሰናበታል።

ውሃ የሚያፈላውን ቦይለር የሚጠብቀው ጓደኛዬ፣ ቶሎ ስለሚጤስ እንፋሎት የምንለው፣ «አሥር ዓመት? እኔ ትናንት ምሳ የት እንደበላሁ አላውቅም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ሳቁ እዚያው ቀረ።

ማክሰኞ 4

ቦታዎቹን ላስቀምጥ፣ ኋላ እንዳይምታታብኝ።

አንደኛ፤ ከባለቤቴ ጋር የኖርንበት ቤት። ነፍሷን ይማርና እስክታርፍ ድረስ፣ የዛሬ ሰባት ዓመት። ቤቱ የወንድሟ ነው። እሱ መፈረም አለበት። ከእሱ ጋር አንነጋገርም።

ሁለተኛ፤

ሦስተኛ፤ አሁን ያለሁበት፣ የልብስ ሰፊዋ ግቢ ውስጥ ያለችው ክፍል። አራት ዓመት።

ሁለተኛውን ነገ።

ረቡዕ 5

አሻራ ሰጠን። ሰጡ ልበል እንጂ እኔስ አልሰጠሁም። ብርጭቆ የመሰለ ነገር ላይ ጣት ይቀመጣል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ቀጣይ። የእኔ ቀይ ሆነ። ባለ ፎርሟ «እጅዎን ይጥረጉ አባት» አለች። ጠረግኩ። ቀይ። በአልኮል ጠረገችልኝ። ቀይ። አሥሩንም ጣት ዞርን።

«ማሽኑ አሻራ የለዎትም ይላል።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ካሮት ነው?»

ከኋላዬ የቆመው ሹፌር «ይህን ሁሉ ዘመን ባንክ ሳይዘርፉ መቅረትዎ ያሳዝናል» አለ። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ።

በረኪና ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በረኪናና የጋለ ብረት። ጓንት ነበር፤ በጓንት ግን እድፍ መልቀቁን አላውቅም፣ ጣቴ መንካት አለበት። ባለቤቴ ስንቴ ተናግራለች። «እጅህ እኮ እንደ ዕቃ ሆነ» ትል ነበር።

መታወቂያዬንም አገላብጣ አየችው። «ፎቶው እርስዎ ነዎት?» ጺም ነበረኝ አልኳት። «አይመስልም።» ዕድሜ ነው አንቺ ልጅ፣ ለአንቺም ይመጣልሻል አልኩ። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። እጄ ከበረኪና ሦስት ሳምንት ቢያርፍ መስመሩ ይመለስ ይሆናል ብላ እንደ ዘመድ መከረችኝ።

ለእንፋሎት ነገርኩት። «ሥራዬን ከተውኩ፣ ለሥራዬ ማንነቴ ይረጋገጣል» አልኩት። አልሳቀም።

ዓርብ 7

ዝናብ። አንሶላ አልደርቅ አለ፣ ማድረቂያው ሁሉ ተያዘ። ከአምስተኛ ፎቅ የወረደውን ራሴ አጠፍኩ። አዲስ የገባችው ሠራተኛ ልታግዘኝ እጇን ስትዘረጋ፣ የአምስተኛውን ተይው አልኳት።

«ለምን?»

እንዲሁ።

ሁለተኛውን አልጻፍኩም።

እሑድ 9

ልብስ ሰፊዋ የእሷን ድርሻ ሞላችልኝ። ጽሕፈቷ እንደ ስፌቷ የተስተካከለ ነው። አፏ ግን እንደ መኪናዋ አያርፍም።

«ጋሼ፣ ከእኔ በፊት የት ነበሩ?»

«አንቺ የራስሽን ጻፊ።»

«መቼም ወደዚህ የመጡ ዕለት አይረሳኝም። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ትራስ። ልብስዎ ሁሉ ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸት ነበር። እኔ እኮ ለረጅም ጊዜ ተኝተው የወጡ በሽተኛ መስለውኝ፣ ሾርባ ሠርቼ አመጣሁ።»

ሾርባው ትዝ አለኝ። አልፈልግም ብዬ መለስኩባት። በኋላ በበሩ ሥር ትታው ሄደች፣ በላሁት። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ቫዝሊን አምጥታ እጄን ቀባችኝ፣ ሁለት የላስቲክ ከረጢት አጥልቃ አሠረችው። «እንዲህ ሆነው ይተኙ» አለች። እንዲህ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ቀኙን ፈትቼ።

ማክሰኞ 11

ጻፍኩት። ሁለተኛ፤ ልጄ ቤት፣ ሦስት ዓመት። ስልኳንም።

ምን ውሸት አለው? የልጅ ቤት የአባት ቤት አይደለም እንዴ? ስንቴ ና ብላኛለች። ብሄድ ኖሮ እዚያ ነበርኩ። አለመሄዴ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ልደውልላት ስልኬን አንስቼ ነበር። ደውዬ ምን እላለሁ? ያኔ ጓደኛዬ ቤት ነኝ ያልኩሽ፣ ጓደኛዬ ቤት አልነበርኩም ልበል? ይህን ካልኩ ቀጥላ የምትጠይቀውን አውቃለሁ። ሆድ ይፍጀው። መቶ ሃያ ሠራተኛ ነን፤ ለእያንዳንዱ ማን ይደውላል።

እሑድ 16

የባለቤቴ ወንድም ጋ ሄድኩ። ሰባት ዓመት ያልረገጥኩት ደጅ። በሩን አረንጓዴ ቀብቶታል። እኛ ሳለን ሰማያዊ ነበር፣ ሰማያዊውን የመረጠችው እሷ ነበረች። ከግንቡ ላይ ኮፍያዬን የምሰቅልበት ሚስማር አለ። አልነቀለውም። ምንም አልተሰቀለበትም።

አርጅቷል። በከዘራ ነው የሚሄደው። «ተቀመጥ» አለኝ። ልቀመጥ አልመጣሁም አልኩ። «ታዲያ ቆመህ አርጅ» አለኝና ራሱ ተቀመጠ። ፎርሙን ሰጠሁት። ኪሱን ሁሉ ዳብሶ መነጽሩን አገኘ።

«እኔ ነኝ ያስወጣሁህ ብለህ ለሰው ሁሉ አወራህ አሉ» አለ።

«ቤቱን እፈልገዋለሁ አላልክም?»

«ሲመችህ አልኩህ። ሲመችህ! ሐዘኑ ሳይወጣ፣ በሳምንቱ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥለህ ጠፋህ። ለእኔ ልጄ ጋ ገባሁ አልክ። ልጅህ ጋ ብደውል ጓደኛው ጋ ነው አለችኝ። እኔ ሞኝ፣ ከሁለታችሁ ማን እንደዋሸኝ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።»

ሲመችህ ብሏል? እኔ የሰማሁት እንዲያ አይደለም። እኔ የሰማሁት «ቤቱን» የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መስማቴን እንጃ።

ፈረመልኝ። የወጣሁበትንም ቀን ሳይጠየቅ ጻፈው፣ ቀኑን ከነሳምንቱ ያስታውሳል።

«የት ነበርክ ግን?»

«ሥራ ቦታ።»

«ሥራማ ቀን ነው። ማታስ የት ታድር ነበር?»

ዝናቡ ሊበረታ ነው ብዬ ወጣሁ። ዝናብ አልነበረም። ከኋላዬ «ጃንጥላ ውሰድ!» ብሎ ጮኸ። መሳለቁ ነው፣ ወይም አይደለም። አልዞርኩም።

ረቡዕ 19

ደውለዋል።

ባለ ፎርሟ አስጠራችኝ። ፋይሌ ጠረጴዛዋ ላይ ተከፍቷል፣ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል።

«ልጅዎን አግኝተናት ነበር አባት።»

«ምን አለች?»

ወረቀቷን አነበበች። «'አባቴ እኔ ጋ ኖሮ አያውቅም። ስንት ዓመት ለምኜው እምቢ ብሎኛል' ብላለች።»

ልጄ ውሸት አታውቅም። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

እስከ ዓርብ ትክክለኛውን አድራሻና ምስክር ካላመጣሁ የሐሰት መረጃ ይባላል አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችኝ። እንደዚያ ዝቅ ስትል ነው ያስፈራችኝ።

ሐሙስ 20

ልጄ ከሥራዋ አስፈቅዳ መጣች። የሆስፒታሉ በር ላይ፣ ጃንጥላ ይዛ። ወደ ውስጥ አላስገባኋትም።

«አባዬ፣ ሦስት ዓመት የት ነበርክ?»

«ጓደኛዬ ጋ ብዬሽ የለ።»

«የቱ ጓደኛ? ስም አለው?»

ስም ጠፋኝ። ሽማግሌ ሰው ስም ቢጠፋው ምን ይገርማል።

«ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሚስቱ ታማለች ትለኝ ነበር። እሺ ብዬ ቀረሁ። ሁልጊዜ እዚህ በር ላይ ነበር የማገኝህ። እሑድም ጭምር። እሑድ ላውንደሪው ዝግ ነው አባዬ። እሑድ ከዚህ በር ምን ይዘህ ነበር የምትወጣው?»

ጃንጥላዋን ወደ እኔ አዘነበለች፣ ራሷ እየረጠበች። ሕንፃውን ከታች ጀምራ ወደ ላይ ቆጠረች። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኗ ቆመ። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረደ፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት ቧንቧ ላይ።

«ውስጥ ነበርክ?»

ማሽን ጥጄ መጥቻለሁ ብያት ገባሁ። እውነቴን ነው፣ ጥጄ ነበር።

ዓርብ 21

ልጄ ለድርጅቱ ደወለች። «ተሳስቼ ነው፣ እኔ ጋ ነበር የኖረው» ብላ። ማን ላካት! ባለ ፎርሟ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ።

«ከአንድ ሰው ሁለት ቃል ወጣ። አሁን አለቆቼ ዘንድ ደርሷል። ሰኞ የመጨረሻ ነው።»

ውሸትና ስንቅ እያደረ ይቀላል ይባላል። የእኔው እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ እያደረ ከበደ። አርባ ዓመት ሙሉ ያልዋሸችውን ልጅ አዋሸኋት። እሱም አላማረላት።

ግፊቴ ተነስቷል። ጆሮዬ።

እሑድ 23

ልብስ ሰፊዋ ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታለች፣ ግቢው ጭር ብሏል። እዚህ ደብተር ላይ ልጻፈው። ማንም አይደውልለትም።

ሦስተኛው ማድረቂያና ግድግዳው መሀል ክፍተት አለ። አንድ ሰው ጎኑን አሳርፎ ይተኛበታል፣ መገላበጥ ግን አይቻልም። ግድግዳው የቦይለሩ ግድግዳ ነው፣ ሁልጊዜ ለብ ይላል። የተቀደዱ፣ ከሂሳብ የወጡ ብርድ ልብሶች አነጠፍኩ። ትራሱ ከቤት ነው፣ የእሷ። ጠዋት ማንም ሳይገባ አጥፌ ከእድፋሙ ክምር ጋር እቀላቅለው ነበር። በሦስት ዓመት አንድ ቀን አልዘገየሁም። ቁልፉን የሰጠኝ እንፋሎት ነው። አልለመንኩትም። አንድ ማታ ሥራ ጨርሼ ተቀምጬ ስቀር አይቶኝ ቁልፉን ጭኔ ላይ ጣለው። «ለጎርፍ ብዬ ነው፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ሰው ይኑር» አለኝ። ምን ጎርፍ።

ለሙቀቱ ነው የተኛሁት። ክረምት ነበር።

እንዲህ ብዬ ልተወው ነበር፣ ደብተሩን ዘግቼ ሁሉ ነበር።

ባለቤቴ አምስተኛ ፎቅ ነበረች፣ አሥራ አንድ ቀን። ምሳ ሰዓት ሮጬ ወጥቼ አይቻት እወርዳለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሥራ በዝቶ ስለነበር ምሳ ሰዓት እወጣለሁ አልኩ። የአምስተኛው ጋሪ ወረደ። አንሶላውን ስዘረጋ የጸጉር ማያዣዋ ተጠቅልሎበት ወጣ። ማያዣው ቡናማ ነው፣ አንድ ጥርሱ የተሰበረ፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም ነበር። ሊነግሩኝ የሚመጡት ገና ደረጃው ላይ ነበሩ። አንሶላው ቀደማቸው።

ያን አንሶላ በእጄ አጠብኩት። አጥፌ መደርደሪያው ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ ከሌላው መለየት አልቻልኩም። ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም 5 የሚል ማህተም አለበት። ስለዚህ ሁሉንም እኔ አጥፋለሁ። የቱ እንደሆነ አይታወቅምና።

ይህን ነው ለባለ ፎርሟ የምጽፍላት? ብጽፍስ ማን ይመስክር? ከእንፋሎት በቀር ያየ የለም። ውስጥ ሰው ያሳደረ ይባረራል፤ ደንቡ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ያኔም ተለጥፎ ነበር። አምስት ልጅ አለው። የመጨረሻዋ ገና ፊደል ጀመረች።

ሰኞ 24

ጠዋት እንፋሎት ልብስ መቀየሪያው ጋ ያዘኝ። ሳምንት ሙሉ ሲሸሸኝ ነበር፤ አይቼው እንዳላየሁ ሆኜለት ነበር።

«ልናገር» አለኝ። «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ ልበል።»

«የምን ቁልፍ?»

«አንተ ሰውዬ!»

«የምን ቁልፍ ነው የምትለው? ጤና የለህም እንዴ? ሂድ ቦይለርህን ጠብቅ።»

ጤሰ። «ግትር! ግትር ሽማግሌ! አንተ ካልክ አበቃ፣ ሚስትህም በግትርነትህ ነው ያለቀችው!» አለኝ። ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ። ግድ የለም አልኩት። አለቀሰ። ዕድሜ ልኩን እንፋሎት ነበር፣ ዛሬ ውሃ ሆነ። ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። ቁልፉን ኪሱ ከተትኩለት፤ አራት ዓመት ሙሉ ሳልመልስለት ኖሬ ነበር።

ባለ ፎርሟ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ።

«አባት፣ እባክዎ። ሦስቱን ዓመት የት ልበል? የሆነ ነገር ይበሉኝ።»

«ባዶውን ተይው።»

«ባዶ ከሆነ እኮ…»

«አውቃለሁ።»

ዓርብ 28

ዕቃ አስረከብኩ። ቦት ጫማ፣ የጎማ ሽርጥ፣ የሎከር ቁልፍ። ጓንት ሁለት ጥንድ፣ አዲስ፣ ከነላስቲኩ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ተገርሞ አየኝ።

አዲሷን ሠራተኛ ጠርቼ የአምስተኛውን እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየኋት። ማህተሙ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጠርዙ ከጠርዙ ጋር፣ መጨረሻ ላይ በመዳፍ አንዴ። «የሌላውን ፎቅ እንዲህ አናደርግም» አለች። አዎ አልኳት። «ለምን?» እንዲሁ። አንዴ ሞከረች፣ ተጣመመባት። እንደገና አልኳት። እንደገና አደረገች።

መጨረሻ ላይ ባለ ፎርሟ የስንብቱን ወረቀት አስፈረመችኝ። አሻራ አልጠየቀችም።

«የሥራ ልምድ ደብዳቤው ሲወጣ በየትኛው አድራሻ እንላክልዎ?»

«እዚሁ» አልኳት።

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። እኔም ሳቅሁላት፣ ምን ታድርግ።

ሰኞ፣ የሌላው ወር 22

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። የሚጻፍም አልነበረም።

የልብስ ሰፊዋን ክፍል ለቀቅኩ። ስወጣ ስለ ሾርባው ነገርኳት። «ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ አውቄ የለ» አለች። ልጄ ቤት ነኝ። የራሴ ክፍል ሰጥተውኛል፣ መስኮት ያለው። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ባሏ ደግ ሰው ነው፣ ሳል ሲይዘኝ ቴሌቪዥኑን ይቀንስልኛል። ልጄ ስለዚያ ነገር ዳግም አልጠየቀችኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ የታጠበ ልብስ ስታጥፍ አንሶላውን ከእጇ ወስጄ ሳጥፈው፣ እጄን ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፣ ውሃው ብዙ ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

ዛሬ ሻይ ጠጥቼ ብርጭቆውን ሳስቀምጥ በብርሃን አየሁት። ብርጭቆው ላይ አውራ ጣቴ ታትሟል። መስመሩ ሁሉ፣ ዙሪያውን፣ እንደ ታረሰ መሬት። ለማመን እስክሪብቶ ወስጄ ጣቴን ቀለም ቀባሁና የዚህ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከስሜ አጠገብ ተጫንኩት። ሌላ ሰው የረገጠው ይመስላል፣ ግን የእኔ ነው። ማሽኑ ቢያየው አረንጓዴ ይሆናል።

ልጄ ገብታ ቀለሙን አየች። ደብተሩን አየች። ከስሜ በታች ያለውን መስመር በጣቷ ነካችው።

«አባዬ፣ አድራሻውን አልሞላኸውም እኮ። እዚህ ነህ አይደል? ልሙላልህ?»

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። መንገዱንም፣ ስልኩንም። አንዴ በእጄ ጽፌዋለሁ፣ እውነት ሳይሆን። አሁን እውነት ሲሆን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

«ተይው» አልኳት። «ነገ እጽፈዋለሁ።»